መብራቱን ማጥፋት ጥገና አይደለም

አንድ መኪና ፍሬኑ ታድሶ ከጋራዥ በወጣ በሦስተኛው ቀን የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራት ቢበራበት ጥፋቱ የማን ነው? የአሮጌው ዕቃ ነው ወይስ የአዲሱ? የመካኒኩ ነው ወይስ የኮምፒዩተሩ? ውድ አንባብያን፣ ይህ ጥያቄ ለጋራዥ እንጂ ለሳይንስ መጽሔት የሚገባ መስሎ ላይታያችሁ ይችላል። እኛም ቀድሞ እንዲሁ እናስብ ነበር። ይሁን እንጂ ሳይንሳዊ ምርመራ ምን ማለት እንደ ሆነ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ያስተማረን አንድ የፍሬን ብልሽት በመሆኑ፣ ታሪኩን ከነስሕተታችን ልናካፍላችሁ ወደናል።

ሦስት መብራቶች በአንድ ጊዜ

ለዶክትሬት ትምህርት በአሜሪካ በነበርንበት ጊዜ፣ በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ እየነዳ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር፣ በዕድሜ የሚበልጠን አንድ ወዳጅ ነበረን። በዚያች ከተማና በአካባቢዋ የታክሲን ሥራ መተዳደሪያቸው ያደረጉ ወገኖቻችን ብዙ መሆናቸው የታወቀ ነው። ወዳጃችን የሚነዳው መኪና የቤንዚን ሞተርንና የኤሌክትሪክ ሞተርን አጣምሮ የሚጠቀም፣ ሃይብሪድ ወይም ድቅል የሚባለው ዓይነት ነበረ። የፊት ፍሬን ሸራዎቹ አልቀው፣ የግራ የኋላ ጎማው ኩሽኔታም መጮኽ ጀምሮ ስለ ነበረ መኪናውን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደው። ሸራው ተቀየረ፤ ኩሽኔታው ተቀየረ፤ ሒሳቡም ተከፈለ። በሦስተኛው ቀን ግን ሦስት መብራቶች በአንድ ጊዜ በሩ፦ የፍሬኑ፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የኤቢኤስ፣ እንዲሁም መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ሥርዓት መብራት።

ጋራዡ ሲጠየቅ፣ ሦስት ነገር እንደ ተበላሸና ዋናው የፍሬን መቆጣጠሪያ ክፍል በሙሉ መለወጥ እንዳለበት ነገረው። የተጠየቀው ዋጋ ወዳጃችን በወር ከሚያገኘው ገቢ ይበልጥ ነበር። እርሱም ነገሩን ወደ እኛ አመጣው፤ ፊዚክስ የሚማር ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም ብሎ ነው።

እኛም በመኪናው ውስጥ ተቀምጠን የፍሬኑን ፔዳል ረገጥን። ጠንካራ ነው። ጥቂት ነድተን አቆምነው። በሚገባ ይቆማል። በዚህ ብቻ ተማምነን «ፍሬኑ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው ኮምፒዩተሩ ነው» ስንል ፈረድን። በተዋስነው የኮድ ማንበቢያ መሣሪያም የተመዘገቡትን የብልሽት ኮዶች፣ አንዱንም በወረቀት ሳናሰፍር፣ አጠፋናቸው። መብራቶቹም ጠፉ። ወዳጃችን አመስግኖን ሄደ።

ከሁለት ቀን በኋላ በዝናብ ወቅት፣ ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ሲይዝ ጎማዎቹ ተቆልፈው መኪናው ተንሸራተተ፤ ከእግረኛ ማቋረጫው መስመር አልፎም ቆመ። አንዲት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ለመሻገር እግሯን አንሥታ ነበር። ማንም አልተጎዳም። ማታ ስልክ ደውሎ የነገረን ቃል ግን እስከ ዛሬ ከኅሊናችን አልጠፋም። «መብራቱ እኮ ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ነበረ፤ አንተ ነህ አፉን የዘጋኸው» ነበር ያለን።

ጉልበቱ ወዴት ይሄዳል?

ስሕተታችን የት ላይ እንደ ነበረ ለመረዳት በመጀመሪያ የድቅል መኪና ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የያዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት 180 ሺህ ጁል ያህል ነው። ይህ ጉልበት ከግማሽ ሊትር በላይ የሆነ ውኃን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ውኃ እስከሚፈላበት እስከ 92 ዲግሪ ገደማ ለማድረስ ይበቃል። መኪናው በቆመ ቁጥር ይህ ጉልበት ወደ አንድ ቦታ መሄድ አለበት፤ ጉልበት አይጠፋምና። በተለመደው መኪና ሸራው ዲስኩን ጨምቆ በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለውጠውና አየር ላይ ይበትነዋል።

ድቅል መኪና ግን ከዚህ ጉልበት የተወሰነውን መልሶ ያተርፋል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የሚንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ስለዚህ መኪናውን የሚገፋው ኤሌክትሪክ ሞተር፣ ነጂው ፍሬን ሲይዝ ተገልብጦ ጄኔሬተር ይሆናል። የሚመነጨው ጅረት ባትሪውን ሲሞላ፣ ሞተሩ ደግሞ መዞሩን የሚቃወም ኃይል በጎማዎቹ ላይ ያሳርፋል፤ መኪናውም ይዘገያል። ነገር ግን ሞተሩ ሁሉንም አይችልም። በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ የሚፈለገው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው፤ መኪናው ሊቆም ሲቃረብም አስተዋፅኦው እየከሰመ ይሄዳል፤ ባትሪው ሲሞላ ደግሞ ጉልበቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል።

ይህን በቁጥር እንመልከት። ቶዮታ ፕሪየስ የተባለው ድቅል መኪና እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በጃፓን ለገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ባትሪ 201.6 ቮልትና 6.5 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ይህ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቢወርድ፣ ከቁልቁለቱ 1,000 ሜትሩን ብቻ ብናሰላ እንኳ የሚለቀቀው ጉልበት ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ከፊሉ በአየርና በጎማ ተቃውሞ ቢባክንም፣ ባትሪው ሸለቆው ሳያልቅ መሙላቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ሥራው የሰበቃ ፍሬኑና የቤንዚን ሞተሩ ይሆናል፤ የመኪናው አያያዝና ድምፅም ይለወጣል። ይህ ለውጥ ብልሽት አይደለም። ብልሽትን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ጤናን ማወቅ አለበት የምንለውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ በእያንዳንዱ ቅጽበት ምን ያህሉ በሞተሩ፣ ምን ያህሉ በሸራው እንደሚከናወን የሚወስን ዳኛ ያስፈልጋል። ዳኛው ኮምፒዩተር ነው። የፔዳሉን ርቀት፣ የፍሬን ዘይቱን ግፊት፣ የአራቱንም ጎማዎች ፍጥነት በሴንሰሮች እየለካ ይወስናል። የመለኪያው ቃል ከተሳሳተ የዳኛው ፍርድም ይሳሳታል።

እግር የማይነግረን ነገር

የመጀመሪያው ስሕተታችን በእግራችን መተማመናችን ነበር። በአሮጌ መኪና እግር ጥሩ መለኪያ ነው። ፔዳሉ ከጎማው ጋር በፍሬን ዘይት አማካይነት የተገናኘ በመሆኑ፣ በፓስካል ሕግ መሠረት በአንዱ ጫፍ የተሰጠ ግፊት በሌላው ጫፍ ይገኛል። በዘይቱ ውስጥ አየር ከገባ፣ አየር እንደ ዘይት ሳይሆን በቀላሉ የሚታመቅ ስለ ሆነ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። መካኒኩም ወዲያው ያውቃል።

እንደ ሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባሉ ድቅል መኪናዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጤናማ ጊዜ ቫልቮች ፔዳሉን ከጎማዎቹ ይለዩታል። እግር የሚገፋው በስፕሪንግ የተሠራ አስመሳይ ክፍልን ነው፤ ያ የምናውቀው የጥንካሬ ስሜት የሚመጣው ከዚህ ክፍል ነው። ወደ ጎማዎቹ የሚሄደውን ግፊት የሚያዘጋጁት የኤሌክትሪክ ፓምፕና በናይትሮጂን ጋዝ ግፊት የሚያከማች ጎድጓዳ ዕቃ ናቸው። እንግዲህ በጎማው መስመር ውስጥ አየር ቢኖር እንኳ እግር ላይሰማው ይችላል። ኮምፒዩተሩ ከሥራ ውጭ ሲሆን ግን ቫልቮቹ ተከፍተው የነጂው እግር ኃይል በቀጥታ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል። ያን ጊዜ ተደብቆ የቆየው አየር ይገለጣል። ይኸውም እግር ብቸኛው ተስፋ በሆነበት ሰዓት ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ በእነዚህ መኪናዎች ላይ የፍሬን ሥራ የራሱ ጥንቃቄ አለው። የነጂው በር ሲከፈት ፓምፑ ራሱን ቀስቅሶ መሥራት ሊጀምር ይችላል፤ ሸራው በወለቀበት ሰዓት ይህ ከሆነ ፒስተኑ ተገፍቶ ይወጣል፤ የሠራተኛው ጣት በመካከል ካለም ይጎዳል። አየር ለማስወጣት እንደ ቀድሞው ፔዳል መርገጥ ብቻ አይበቃም፤ ፓምፑንና ቫልቮቹን የሚያዝዝ መሣሪያ ያስፈልጋል። አንዳንድ ክፍሎች ከተለወጡ በኋላም ኮምፒዩተሩ የቫልቮቹን ባሕርይ እንደ አዲስ እንዲለካና እንዲመዘግብ መደረግ አለበት። ይህ ካልተደረገ አንድም ክፍል ሳይሰበር መብራት ይበራል። ሸራ መቀየር የሚችል ሁሉ ይህን ያውቃል ማለት አይደለም፤ አለማወቁም ነውር አይደለም። ነውሩ ሳያውቁ ዋናው ክፍል ተበላሽቷል ማለት ነው፤ እንደ እኛም ሳያውቁ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ኮድ ምስክር እንጂ ፍርድ አይደለም

ከዚያ የዝናብ ዕለት በኋላ ወዳጃችን አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ ወሰደን። ሰውየው ገና ምንም መሣሪያ ሳያነሡ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «በመጨረሻ እጅ የነካው ምኑን ነው?» ሸራውንና የግራ የኋላ ጎማውን ኩሽኔታ አልናቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው መሣሪያቸውን አገናኙ። ኮዱ የግራ የኋላ ጎማ የፍጥነት ምልክት መቋረጡን ይናገራል። እኛ ሳናነብ ያጠፋነው ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ለማለት ችኩል ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ኮዱ የተናገረው ምልክቱ አልደረሰም ብሎ ብቻ ነው። ከሩቅ አገር የምንጠብቀው ደብዳቤ ባይደርሰን ጸሐፊው ሞቷል አንልም፤ አልጻፈ ይሆናል፤ ፖስታው ተሳስቶ ይሆናል፤ የእኛው ሳጥን ተዘግቶ ይሆናል። እንደዚሁም ጥፋቱ በሴንሰሩ፣ በሽቦው፣ በማገናኛው ወይም በኮምፒዩተሩ ሊሆን ይችላል። መላምቶቹ አራት ናቸው፤ የሚለያቸው ልኬት ነው።

መካኒኩ የአራቱንም ጎማ ፍጥነት በአንድ ጊዜ የሚያሳየውን ገጽ ከፈቱና ባዶ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ቀጥ ብለን እንድንነዳ አደረጉ። ቀጥ ብለን ያሉበት ምክንያት አላቸው፤ መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ፍጥነቶቹ በተፈጥሮ ይለያያሉ። በለስላሳው አስፋልት ላይ አራቱም ቁጥሮች አንድ ሆኑ። ሸካራው ላይ ስንደርስ ሦስቱ እንዳሉ ሆነው የግራው የኋላ ቁጥር ወደ ዜሮ ወርዶ ተመለሰ። ጎማው ቆሞ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ሴንሰሩ ፈጽሞ የሞተ ቢሆን በለስላሳው መንገድም ባልሠራ ነበር። ምልክቱን የሚያቋርጠው መንቀጥቀጥ ከሆነ የሚጠረጠረው በደንብ ያልተያያዘ ነገር ነው። መኪናው ተነሣ፤ ከአዲሱ ኩሽኔታ ጋር የተያያዘው የሽቦ ማገናኛ ገብቶ ነበር፣ ነገር ግን አልተቆለፈም። መካኒኩ በአውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት «ቀጭ» አለ።

ሦስቱ መብራቶች ሦስት በሽታዎች አልነበሩም። ሦስቱም ሥርዓቶች በዚያ አንድ ምልክት ላይ ስለሚመኩ፣ አንዱ ምስክር ዝም ሲል ሦስቱም ዳኞች ሥራ አቆሙ። ሥራው በዚህ አላበቃም። መካኒኩ ኮዱን በማስታወሻቸው ጽፈው አጠፉና በዚያው ሸካራ መንገድ ላይ እንደገና ነዱት። ቁጥሩ አልወረደም፤ መብራቱም አልተመለሰም። እኛም ኮድ አጥፍተን ነበር፤ እርሳቸውም አጠፉ። የእኛ ማጥፋት ማስረጃን መደምሰስ ሲሆን የእርሳቸው ግን የመላምታቸው ፈተና ነበር።

ሶፍትዌርና ብረት

አንባቢ ይህ የአንድ ማገናኛ ጉዳይ ነው እንዳይል፣ በዓለም የታወቁ ሁለት ጉዳዮችን እንጨምር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ቶዮታ ፕሪየስን ጨምሮ ወደ 437 ሺህ የሚጠጉ ድቅል መኪናዎችን ለእርማት ጠራ። ነጂዎች በሸካራ ወይም በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ፍሬን ሲይዙ ለቅጽበት የመያዝ ኃይሉ የከዳ ይመስላቸው ነበር። እርማቱ የኤቢኤሱን ሶፍትዌር ማሻሻል ነበር፤ አንድም ብረት መቀየር አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ደግሞ ያው ኩባንያ ወደ 242 ሺህ ድቅል መኪናዎችን ጠራ። የዚህ ጊዜ ጥፋት ብረቱ ላይ ነበር፤ ግፊት በሚከማችበት ዕቃ ውስጥ ስንጥቅ ሊፈጠርና ናይትሮጂኑ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሊገባ መቻሉ ታወቀ። ሁለቱንም ነጂ «ፍሬኑ ልክ አይደለም» ብሎ ይናገራቸዋል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ከስሜት ወደ ምክንያት የሚያደርሰው መንገድ ልኬት ብቻ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የምንወስደው ሥርዓት አጭር ነው። በመጀመሪያ ምንም ከመንካታችን በፊት የታየውን ሁሉ እንጻፍ፦ ኮዱን፣ ሰዓቱን፣ መንገዱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ፓምፑ ፍሬን ሳይያዝ ቶሎ ቶሎ የሚጮኽ መሆን አለመሆኑን። ሁለተኛ፣ ብልሽቱ የመጣው ከጥገና በኋላ ከሆነ በመጨረሻ ከተነካው ቦታ እንጀምር። ሦስተኛ፣ ከአንድ በላይ መላምት ይኑረን፤ መላምቶቹን የሚለይ ፈተናም እንፈልግ። አራተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። በመጨረሻም ብልሽቱ በታየበት ሁኔታ እንደገና እንፈትን። እነዚህ መኪናዎች ከፍተኛ ቮልቴጅ ስላላቸውና ፍሬንም የሰው ሕይወት የሚጠበቅበት ክፍል ስለ ሆነ፣ መፍታቱና መግጠሙ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው። ማስተዋሉና መጻፉ ግን የሁላችንም ነው።

ለቤተ ሙከራችን

አሁን ይህን ጽሑፍ ወደ ጻፍንበት ዋና ምክንያት እንምጣ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ድቅሉ ሁሉ በሞተሩ ፍሬን ይይዛል፤ በሴንሰርና በኮምፒዩተርም ይዳኛል። እንግዲህ ይህ ጥበብ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። መኪናዎቹን የሚጠግኑት፣ የሚያስተካክሉትና አንድ ቀንም የሚሠሩት ዛሬ ይህን መጽሔት የያዙት ተማሪዎች ናቸው።

ታዲያ ተማሪዎቻችንን ለዚህ እያዘጋጀናቸው ነውን? በእኛ አስተያየት ገና ነን። ቤተ ሙከራችን ውስጥ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ሙከራ እናሠራለን፤ ተማሪውም የሚጠበቀውን ቁጥር ለማምጣት ይተጋል። ቁጥሩ እንቢ ሲል ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል። ይህ በትክክል እኛ በዋሽንግተን ያደረግነው ነው፤ መብራቱን ማጥፋት ነው። ያልተጠበቀ ቁጥር ያመጣ ተማሪ ማርኩ እንዳይቀነስበት ይፈራል እንጂ አንድ የላላ ሽቦ ላገኝ ነው ብሎ ደስ አይለውም። ጥፋቱ የተማሪው ሳይሆን የእኛ የመምህራኑ ነው።

ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ለብልሽት ይሰጥ። መምህሩ የሚሠራ ዑደት ይውሰድ፤ አንድ ሽቦ ያላላ፣ አንድ ሬዚስተር ይለውጥ፣ ወይም ምንም ሳያበላሽ መለኪያውን ብቻ ያዛባ። ተማሪው ምን እንዳየ፣ ምን እንደ ጠረጠረ፣ ጥርጣሬውን በምን ልኬት እንዳጸና ወይም እንደ ሻረ ይጻፍ። ማርኩም የሚሰጠው ለመድረሻው ብቻ ሳይሆን ለመንገዱ ይሁን። የተሳሳተ መላምቱን በግልጽ ጽፎ በልኬት የሻረ ተማሪ፣ ገምቶ ካገኘው የበለጠ ማርክ ይገባዋል።

ያ አረጋዊ መካኒክ ከዩኒቨርሲቲ የተሰጠ ማዕረግ አልነበራቸውም። እኛ በዚያን ጊዜ ማዕረጉን ለመቀበል ጥቂት ቀርቶን ነበር። ከሁለታችን ሳይንቲስት የሆኑት ግን እርሳቸው ነበሩ፤ ልኬቱ ከመናገሩ በፊት አልፈረዱምና። ውድ ተማሪዎች፣ በመኪናም ሆነ በቤተ ሙከራ መብራት ሲበራባችሁ ለማጥፋት ከመቸኮላችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ አንሡ።